ደጋፊው ሁለቴ የከፈለበት ቡድን

አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ከአባቱ ምን ይጠብቃል? አባት ሀብታም ከሆነ መኪና፣ መካከለኛ ከሆነ ሞባይል፣ ድሃ ከሆነ ደግሞ ምርቃት። በአሜሪካዋ ኮነቲከት ግዛት የሚኖረው ጀምስ ጋላንቴ ግን ለልጁ ለኤጄ ክለብ ሰጠው። ክለብ ሲባል የሰፈር ቡድን እንዳይመስል። ደመወዝ የሚከፈላቸው ተጨዋቾች፣ አሰልጣኝ፣ የራሱ ሊግና ትኬት የሚቆረጥበት አዳራሽ ያለው የአይስ ሆኪ ክለብ ነው። ልጁም የክለቡ ፕሬዚዳንትና ሥራ አስኪያጅ ተብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ተጨዋች ማስፈረምና ማሰናበት የእሱ ሥራ ሆነ። እኩዮቹ ይህን የሚያደርጉት በፕሌይስቴሽን ነበር።

ዘመኑ 2004 ነው። (ዓመታቱ የእኛ ናቸው ካልተባለ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቡድኑ ዳንበሪ ትራሸርስ ይባላል። ትራሽ በእንግሊዝኛ ቆሻሻ ነው፤ አባትየው ደግሞ ቆሻሻ በማንሳት ሥራ የከበረ ሰው። ስሙ ከዚያ መጣ። አርማውም የቆሻሻ በርሜል ነበር። በሊጉ የቆየው ሁለት የውድድር ዘመን ብቻ ነው፤ በ2006 አበቃለት። ይሁን እንጂ ብዙ ዓመት አልፎም ስሙ የሚነሳ፣ ዶክመንተሪ ፊልም ጭምር የተሠራለት ቡድን ሆኗል። የሚነሳው ግን በአብዛኛው ለቀልድ ነው። ‘የማፊያው ሰውዬ ለልጁ የገዛለት ቡድን’ እየተባለ ይሳቅበታል። መሳቁስ ይሳቅ፤ ታሪኩ በእርግጥም ያስቃል። ነገር ግን ከሳቁ ሥር የተረሳ ሂሳብ አለ። ሂሳቡን የከፈለው ደግሞ ባለቤቱ ሳይሆን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጉሮሮው እስኪደርቅ ሲጮህ የነበረው ደጋፊ ነው።

አይስ ሆኪን አይቶ ለማያውቅ የኳስ ቲፎዞ ነገሩን በገና ጨዋታ ማስረዳት ይቀላል። ዱላው ያው ጫፉ የታጠፈ ነው። ሜዳው ግን ሣር ሳይሆን አዳራሽ ውስጥ የተዘረጋ በረዶ ነው። ተጨዋቾቹ ሥሩ ስለት የተገጠመለት ጫማ አድርገው ይንሸራተታሉ፤ በኳስ ፈንታ ‘ፓክ’ የሚሏትን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ይመታሉ። በአንድ ወገን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ሰው ይሰለፋል። ሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ ቢጋጩ ቂም እንደሌለው ሁሉ፣ በሰሜን አሜሪካ ሆኪም ጓንት ጥሎ በቡጢ መግጠም እንደ እኛ ኳስ በቀይ ካርድ አያስወጣም። ተደባዳቢው አምስት ደቂቃ የቅጣት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ አምስቷ ስታልቅ ተነስቶ ይገባል። በቃ። እንዲያውም ግብ ያግባ አያግባ ማንም የማይጠይቀው፣ የሚቀጠረው ለጡንቻው ብቻ የሆነ ተጨዋች አለ። ትራሸርስ እንዲህ ዓይነቶቹን ሰብስቦ ነበር ስሙን ያስጠራው።

ከላይ ያለው ትልቁ ሊግ ኤንኤችኤል ነው። ከሱ ሥር እንደ ደረጃ መውጫ የተደረደሩ ትናንሽ ሊጎች አሉ። ትራሸርስ የገባበት ዩናይትድ ሆኪ ሊግ ከታችኞቹ አንዱ ነው። ተጨዋቹ በአውቶቡስ ሲንገላታ ያመሻል፤ ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፤ ወይ ወደ ላይ የመውጣት ሕልም ያለው ወጣት ነው፣ ወይ ከላይ ወርዶ ጫማ ለመስቀል የተቃረበ አንጋፋ። ክለቦቹም ያው ናቸው። ዛሬ ይመሠረታሉ፣ ከርሞ ይፈርሳሉ፣ ከተማ ይቀይራሉ። ሊጉ ራሱ በ2007 ስሙን ቀይሮ በ2010 ሕይወቱ አልፏል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ኖሮ መሞት በዚያ ሰፈር ጉድ አያሰኝም። ጉዱ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ዳንበሪ ከኒውዮርክ ከተማ በመኪና ከሁለት ሰዓት ያልበለጠ ርቀት ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ድሮ የአሜሪካን ሰው ራስ ያለበሰች የባርኔጣ ፋብሪካዎች መዲና ስለነበረች እስከ ዛሬ ‘የባርኔጣ ከተማ’ ትባላለች። ሰዉ ባርኔጣ ማድረግ ሲተው ፋብሪካዎቹም ተዘጉ። ስም ያላቸው ክለቦች ኒውዮርክና ቦስተን ናቸው። የዳንበሪ ሰው ትልቅ ጨዋታ ለማየት ነዳጅ ሞልቶ፣ ውድ ትኬት ቆርጦ፣ በሌላ ከተማ አዳራሽ እንግዳ ሆኖ መቀመጥ ነበረበት። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ አንድ ባለገንዘብ ተነስቶ ‘የራሳችሁ ቡድን ይኸውላችሁ’ ቢል ማን እምቢ ይላል? ደግሞ ጋላንቴ ለከተማው እንግዳ አይደለም። ለበጎ አድራጎት እጁ የተፈታ፣ ችግረኛን የሚረዳ፣ ሲጠሩት የሚደርስ ተብሎ የሚወደስ የሰፈር ሰው ነው።

ልጁ ኤጄ ራሱ ሆኪ ይጫወት ነበር፤ ጉዳት ከለከለው እንጂ። ቡድን ሥራ ሲባል ታዲያ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የሚወደውን ዓይነት ቡድን ሠራ። ፈርጣማ፣ ተንኳሽ፣ ባላጋራ አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ሆዱ የሚላወስበት ቡድን። ብራድ ዊንግፊልድ፣ ጆን ሚራስቲ፣ ‘አውሬው’ የሚል ቅጽል የተሰጠው ፍራንክ ቢያሎዋስ፣ በናይጄሪያ ተወልዶ እስከ ኤንኤችኤል የደረሰው ሩመን ንዱር፤ እነዚህ ሁሉ በትራሸርስ ማሊያ ቡጢ የሰነዘሩ ናቸው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ቡድኑ የተቀጣው የቅጣት ደቂቃ ከ2,700 በላይ ነው። አንድ ጨዋታ 60 ደቂቃ መሆኑን ያስታውሷል። ተቀጪዎቹ ተራ በተራ ገብተው ቢቀመጡ ኖሮ ከ45 ጨዋታ በላይ ያለማቋረጥ የቅጣት ሳጥኑ ሰው አይጠፋበትም ነበር ማለት ነው።

እንዲያው ጡንቻ ብቻ ነበር ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ዕድል ሲመጣ ደራርቦ ነው የሚመጣው፤ ቡድኑ በተመሠረተበት ዓመት የኤንኤችኤል ክለብ ባለቤቶች ከተጨዋቾች ማኅበር ጋር ተጣልተው በሩን ዘጉ። የ2004/05 ውድድር ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። በዓለም ላይ ያሉ ምርጥ የሆኪ ተጨዋቾች ሥራ ፈት ሆኑ። ከነሱ አንዱ ማይክ ራፕ ነው። ራፕ ማለት በ2003ቱ የስታንሊ ካፕ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ለኒው ጀርሲ ዴቭልስ የዋንጫዋን ግብ ያስቆጠረው ሰው ነው። ለእግር ኳስ ሰው ሲነገር፣ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ላይ የማሸነፊያዋን ግብ ያገባ ተጨዋች በዓመት ተመንፈቁ ታችኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ብቅ እንደማለት ነው። ራፕ ዳንበሪ መጣ። ብሬንት ግሬትዝኪም ነበር፤ የሆኪው ፔሌ የዌይን ግሬትዝኪ ታናሽ ወንድም። ሁለቱ ወንድማማቾች በኤንኤችኤል ያስመዘገቡት ነጥብ ሲደመር 2,861 ነው። ከዚህ ውስጥ የብሬንት ድርሻ አራት ነው። አራት መቶ አይደለም፤ አራት! ለዳንበሪ ሰው ግን ምን ቸገረው፣ ግሬትዝኪ የሚል ስም የራሱ ማሊያ ላይ ተጽፎ አየ።

አዳራሹ ሦስት ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ ነው። ከመቀመጫዎቹ መካከል ‘ሴክሽን 102’ የሚባለው ጥግ ስሙ ገነነ። ካታንጋንና ሚስማር ተራን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ስታዲየም ደንበኛ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ባላጋራን በስሙ እየጠሩ የሚሰድቡ፣ ዳኛውን የሚያስለቅሱ፣ ለቡጢ የሚያጨበጭቡ፣ ግን ደግሞ ቡድናቸው ሲሸነፍ የማይወጡ ሰዎች። በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ጥግ የራሱ ዜማ፣ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ጓደኝነት ነበረው። ይህ የውሸት አልነበረም። በኋላ የመጣው ሁሉ ቢመጣም የዚያ ሰው ደስታ እውነተኛ ነበር። እዚህ ላይ የሚያላግጥ ሰው ክለብ ደግፎ አያውቅም።

ወደ ሂሳቡ እንምጣ።

ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ ነበረው። አንድ ክለብ በአንድ የውድድር ዘመን ለተጨዋቾቹ በጠቅላላ ከ275 ሺህ ዶላር በላይ እንዳይከፍል ተደንግጓል። ትናንሽ ክለቦች በአንድ ባለጠጋ ተውጠው እንዳይጠፉ ነው። (የሚገርመው፣ ትልቁ ሊግ በዚያው ዓመት በሩን የዘጋው ባለቤቶቹ ‘ጣሪያ ይበጅልን’ ብለው ነው።) ዓቃቤ ሕግ በኋላ እንዳቀረበው ግን የትራሸርስ ትክክለኛ ወጪ 750 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። ከተፈቀደው ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው። እንዴት ተደበቀ? ዘዴው ቀላል ነው። ተጨዋቹ ከክለቡ የሚፈርመው ውል ሕጋዊ ነው፤ በወረቀት ላይ ጣሪያው አልተነካም። የቀረውን ደግሞ ተጨዋቹ ወይም ሚስቱ በጋላንቴ የቆሻሻ ድርጅት ውስጥ ‘ተቀጥረው’ ይወስዱታል። ሥራ የለም፤ ደመወዝ ግን አለ። የቆሻሻ መኪና ሽታ ያልሸተታት ሴትዮ የቆሻሻ ድርጅት ሠራተኛ ሆና ትፈርማለች።

የደመወዝ ጣሪያ የሚባለው ነገር ለእኛም አገር የኳስ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ የተጨዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይዘል ክለቦች ሲስማሙ፣ በየካፌው የተነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ‘በጎን ቢሰጠውስ?’ የሚል ነበር። ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አይደለም። የዳንበሪ ታሪክ የሚለው ይህንኑ ነው። ውሉን ብቻ የሚያይ ሊግ ምንም አያይም። መታየት ያለበት የባለቤቱ ሌላኛው መዝገብ ነው፤ ማን በየትኛው ድርጅት ውስጥ በምን ስም ደመወዝ እንደሚወስድ።

የጋላንቴ ሌላኛው መዝገብ ደግሞ የቆሻሻው ነው። እዚህ ላይ ሰከን ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ፊልሙም፣ ቀልዱም የሚዘሉት ይህን ነውና። በአሜሪካ የአንድ ምግብ ቤት ወይም የአንድ ጋራዥ ቆሻሻ የሚነሳው ባለቤቱ ከግል ድርጅት ጋር ተዋውሎ ነው። ድርጅት ከድርጅት ይወዳደራል፤ ቅር ያለው ደንበኛ ሌላ ጠርቶ ‘ስንት ታነሳልኛለህ?’ ይላል። መሆን ያለበት እንዲህ ነው። በምዕራብ ኮነቲከትና በአጎራባቹ የኒውዮርክ ግዛት ክፍል የነበረው ግን ሌላ ነው። ቆሻሻ አንሺዎቹ ደንበኛውን እንደ ርስት ተከፋፍለውታል። የእኔን ደንበኛ አንተ አትነካም፣ ያንተን እኔ አልነካም። ባለ ምግብ ቤቱ ዋጋ በዛብኝ ብሎ ሌላ ድርጅት ቢደውል፣ ያኛው ወይ አልመጣም ይለዋል፣ ወይ ሆን ብሎ ከፊተኛው የባሰ ዋጋ ይጠራበታል። ተስማምተዋላ! ሰውየው ስልኩን ዘግቶ የተጠየቀውን ይከፍላል። ማን እንዳሠረው እንኳ አያውቅም።

ይህ ስምምነት እንዳይፈርስ የሚጠብቅ ጡንቻ ያስፈልገዋል። ጡንቻው የመጣው ጀኖቬዝ ከሚባለው የኒውዮርክ የማፊያ ቤተሰብ ነው። በምርመራው እንደተገለጸው ጋላንቴ ለቤተሰቡ አንጋፋ ሰው፣ ‘ማቲ ፈረሱ’ ተብሎ ለሚታወቀው ማቲው ኢያኒዬሎ በየሦስት ወሩ 30 ሺህ ዶላር ይልክ ነበር። የጥበቃ ክፍያ መሆኑ ነው። ሰውየው በአካባቢው ምን ያህል እንደሚፈራ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሉዊስ ዴሉካ የሚባል የኮነቲከት ሴናተር፣ ያውም በግዛቲቱ ሴኔት የሪፐብሊካኖች መሪ፣ የልጅ ልጁ ባል ነገር ሲያሳስበው ‘አስፈራራልኝ’ ብሎ የሄደው ጋላንቴ ዘንድ ነው። በ2007 ጥፋቱን አምኖ፣ በዚያው ዓመት ወንበሩን ለቀቀ። ሕግ አውጪው ሰውዬ ፖሊስ እያለ ወደ ቆሻሻ ነጋዴ ሲሄድ የከተማው ተራ ሰው ምን ሊያስብ ኖሯል?

እንግዲህ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው እናስበው። አንዱ ፒዛ ቤት አለው። አንዱ የመኪና ጎማ ይሸጣል። ሌላዋ ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ የቤቱ ወጪ ሲበዛ ደመወዝ የማይጨመርላት እሷ ናት። ቅዳሜ ማታ ሴክሽን 102 ገብተው ትኬት ቆርጠው ይጮሃሉ፤ ሰኞ ጠዋት የቆሻሻ ሂሳብ ይመጣላቸዋል። ከሚገባው በላይ የተጻፈ ሂሳብ። ከዚያ ሂሳብ ላይ የተነጠቀው ትርፍ ተመልሶ ዊንግፊልድን ይቀጥራል፣ ራፕን ያመጣል። ደጋፊው ቡድኑን በአንድ እጁ በር ላይ ከፈለው፤ በሌላ እጁ ሳያውቅ ከመደብሩ ከፈለው። ‘ሰውየው እኮ ከኪሱ አውጥቶ ነው ቡድን የሰጠን’ ይባል ነበር፤ እስከ ዛሬም የሚል አለ። የማን ኪስ? እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይሄ ነው።

በጁላይ 2005 የኤፍቢአይ መርማሪዎች የጋላንቴን ቢሮዎች ፈተሹ። ይህ ልብ ይባል። የመጀመሪያው የውድድር ዘመን አልቆ ሁለተኛው ሳይጀመር ነው። ከዚያ በኋላ ‘አላወቅንም ነበር’ ማለት ለማንም አይሠራም። ለሊጉም፣ ለከተማዋም። ግን ወቅቱ ሲደርስ ትኬት ተቆረጠ፣ ፓኳ ተጣለች፣ ቡጢው ቀጠለ። እንዲያውም ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር። ትራሸርስ እየበረታ ሄዶ ለሊጉ ዋንጫ፣ ለኮሎኒያል ካፕ ፍጻሜ ደረሰ። በ2006 የፀደይ ወራት ከሚሺጋኑ ካላማዙ ዊንግስ ጋር ተገናኝቶ ተሸነፈ። ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ቡጢ፣ ዋንጫ አላመጣም።

ለቀጣዩ ዓመት መካስ አልተቻለም። በጁን 2006 ዓቃቤ ሕግ በ29 ሰዎችና በአሥር ድርጅቶች ላይ ክስ መሥርቶ ጋላንቴን አሠረ። ከክሶቹ መካከል ከማፊያው፣ ከዛቻውና ከቀረጡ ጎን ለጎን አንድ የስፖርት ክስ አለ። ሊጉን በደመወዝ ጣሪያ ማጭበርበር። ቡድኑም ወዲያው ፈረሰ። ተጨዋቾቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሌላ ክለብ ፍለጋ ተበተኑ። ጋላንቴ በ2008 ጥፋተኛነቱን አምኖ 87 ወር ተፈረደበት፤ ሰባት ዓመት ከሦስት ወር መሆኑ ነው። በ25 ድርጅቶች ውስጥ ያለውን ድርሻም ለመንግሥት አስረከበ።

ሰውየው ቅጣቱን ተቀብሏል፤ በእሱ ላይ ሌላ ድንጋይ መወርወር ትርፍ የለውም። ዓይን ማረፍ ያለበት ሳይጠየቁ በቀሩት ላይ ነው። ሊጉ በወረቀት ላይ ተበዳይ ነው፤ የተጭበረበረው እሱ ነውና። ግን አንድ በታችኛው ሊግ የሚጫወት አዲስ ክለብ የስታንሊ ካፕ ጀግና፣ የግሬትዝኪን ወንድምና የአህጉሩን ተደባዳቢ በሙሉ በ275 ሺህ ዶላር እንደማያሰልፍ ለማወቅ ኤፍቢአይ መሆን ያስፈልጋል? የሆኪ ሰው ሆኖ ይህን ያላየ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። የሚሞት ክለብ በበዛበት ሊግ ውስጥ አዳራሽ የሚሞላ ክለብ ሲገኝ ሂሳቡን መቁጠር የሚፈልግ ሰው ይጠፋል። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ የክለብ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሲቀበልም ‘ይሄ ነገር እንዴት ነው?’ የሚል ጥያቄ አልተነሳም፤ ለጋዜጣ ጥሩ ወሬ ሆነ እንጂ።

ለልጁ ግን ፍርድ ማቅለል ተገቢ ነው። ለዕድሜው የከበደ ወንበር ላይ ያስቀመጡት ትልልቆቹ ናቸው። ደግሞ ሥራውን ችሎበታል፤ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከባዶ ተነስቶ ለፍጻሜ የደረሰ ቡድን መሥራት ቀልድ አይደለም። በትክክለኛ ገንዘብ፣ በትክክለኛው ጣሪያ ሥር ቢሠራ የት ይደርስ ነበር? ይህን ለማወቅ ዕድሉን የነሳው የአባቱ ስጦታ ነው።

ደጋፊውን በተመለከተ አንድ ክርክር አለ፤ ደካማ ክርክርም አይደለም። ‘ቡድን የሌላት ከተማ ከምንሆን ለሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ቡድን ይኑረን’ የሚል። በሐቅ የተሠራ ገንዘብ ብቻ ወደ ስፖርት ይግባ ቢባል ስንት ክለብ ይቀራል? ይህ የሚያሳፍር ግን ትክክል የሆነ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ አንድ ነገር ይዘነጋል። የአንድ ሰው ኪስ ላይ የቆመ ቡድን ገንዘቡ ንጹህም ቢሆን አይጸናም። በዚያው ሰሞን በስኮትላንድ ግሬትና የሚባል የመንደር ክለብ ነበር። ሦስት ሺህ ያህል ሰው ያላት መንደር። ብሩክስ ማይልሰን የሚባል ነጋዴ የራሱን ገንዘብ አፍስሶበት ከታችኛው ዲቪዚዮን ተነስቶ በ2006 የስኮትላንድ ካፕ ፍጻሜ ደረሰ፤ በፍጹም ቅጣት ምት ነው በሃርትስ የተሸነፈው። በ2007 ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ማይልሰን ታሞ ድጋፉ ሲቋረጥ ክለቡ በ2008 ፈረሰ፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት ዐረፈ። ማይልሰን ማፊያ አልነበረም። የሁለቱ ቡድኖች ደጋፊ ግን አንድ ዓይነት ጠዋት ነው የነጋበት። ማሊያ አለ፣ መዝሙር አለ፣ ክለብ የለም። ጉና ንግድንና ትራንስ ኢትዮጵያን የደገፈ የመቀሌ ሰው ይህን ጠዋት ያውቀዋል። በጀቱን የያዘው አካል እጁን ሲያነሳ፣ ድርጅትም ሆነ የከተማ መስተዳድር፣ ደጋፊው አስተያየት እንኳ አይጠየቅም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የግሬትና ደጋፊ ያጣው ክለቡን ብቻ ነው። የዳንበሪው ግን ክለቡን ከማጣቱ በፊት የክለቡን ዋጋ ተነጥቆ ነበር። በራሱ ገንዘብ የተሠራ ቡድን ሆኖ ሳለ አንድም ቀን ባለቤት ተብሎ አልተጠራም፤ ቸር ሰው ያበላው ተመጽዋች ተደርጎ ተቆጠረ። ለሰውየውም ቆሞ አጨበጨበለት።

በ2021 ኔትፍሊክስ የቡድኑን ታሪክ በዶክመንተሪ አወጣው። ፊልሙ ከላይ እንደተባለው ያስቃል፤ ተጨዋቾቹ ዕድሜ ጠግበው ስለ ጥርሳቸውና ስለ ጉልበታቸው ሲያወሩ ማየት ያዝናናል። አባትና ልጅም በፍቅር ይተያያሉ። ኤጄ በዳንበሪ የቦክስ ክለብ ከፍቶ ቦክሰኛ ወደ ማስተዳደር ገብቷል፤ ቡጢውን አልተወም። የቆሻሻ ሂሳብ ሲከፍል የኖረው ባለ ፒዛ ቤት ግን የፊልሙ ባለታሪክ አይደለም። ማፊያ ከሌለበት ማን ያየዋል?

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጨዋታው አልቆመም። በ2010 ዳንበሪ ዌለርስ የሚባል ሌላ ቡድን ገብቶ በ2013 በፌደራል ሆኪ ሊግ ዋንጫ አነሳ። በ2019 ደግሞ የከተማዋን የባርኔጣ ታሪክ በስሙ የያዘ ሃት ትሪክስ የሚባል ቡድን ተመሠረተ። በ2023 እሱም በተራው ዋንጫ ወሰደ። የስታንሊ ካፕ ጀግና የለበትም፣ ግሬትዝኪም የለበትም። ፊልም የተሠራለት ግን ዋንጫ ያላነሳው ነው።